ቀይ ምልክት በአራተኛው ጎማ ላይ

በአፌ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ ባለቤቴ እግሩን በተሰበረበት የመኪና ውድድር ዋዜማ አራተኛው ጎማ ላይ ቀዩን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ጎማ ማንም አላጠበቀውም ነበር። ጥፋተኛ ተብሎ የኖረው ግን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ባለቤቴ መካኒክ ነበር። ከሥራ የተረፈ ጊዜውን ሁሉ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ለውድድር በማዘጋጀት ያሳልፍ ነበር። ረዳቱ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ በቅጥነቱ ምክንያት ቤተሰቡ በሙሉ «ሽቦ» ይለዋል። ሽቦ የራሱ አሠራር ነበረው። የአንዱን ጎማ ማሰሪያ ዳዶዎች አጥብቆ ሲጨርስ ከእያንዳንዱ ዳዶ እስከ ቸርኬው ብረት ድረስ በእኔ የጥፍር ቀለም አንድ ቀይ መስመር ያሰምራል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ስለሚሰበር በዓይን ማየት ብቻ ይበቃል። ይህን ግን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ባለቤቴ «የሚስቴን ጥፍር ቀለም ቀምቶ መኪናዬን ሙሽራ አደረጋት» እያለ ሲስቅ እሰማለሁ፤ እኔም አዲስ ሙሽራ ነበርኩና ነገሩ ጌጥ መሰለኝ።

በዋዜማው ሽቦ ሦስቱን ጎማ እንደጨረሰ ነዳጅ አምጣ ተብሎ ተላከ። አራተኛው ጎማ ሳይቀባ የቀረ ጥፍር መስሎ ታየኝ። ብልቃጡ ክሪኩ አጠገብ ተቀምጧል። ተንበርክኬ ቀባሁት፣ ከእሱም አሳምሬ። ሽቦ ሲመለስ አራቱም ቀልተው አየና መፍቻዎቹን ሰበሰበ። በማግስቱ ጎማው በዳገቱ መታጠፊያ ላይ ወለቀ።

ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ሽቦ በሆስፒታሉ ኮሪደር «ምልክቱ ነበረ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» እያለ ሲምል ነው። «እንግዲያው ሳታጠብቅ ቀብተሃል» አሉት። መጀመሪያ ካደ፤ ቆይቶ ራሱም አመነ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሐኪሙ ጠራኝ። ከዚያ ወዲህ ነገ ነገ እያልኩ አረጀሁ። ሽቦ ዓመት ሳይሞላው ከአገር ወጣ። ባለቤቴ እስኪሞት አነከሰ እንጂ ዳግም አልተወዳደረም።

እኔ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ባለቤቴ እግሩ በጄሶ ታስሮ በተኛባቸው ወራት፣ እሱ በጣቱ እየጠቆመልኝ፣ ከመኪና መጽሔት ነው። በእጅ ጽሑፌ ስለማልተማመን ደብዳቤ ስጽፍ መጀመሪያ ረቂቅ አወጣና ከዚያ አሳምሬ እገለብጣለሁ። ረቂቆቹ እጄ ላይ ቀርተዋል። ከሽቦ ደብዳቤዎች ጋር በየቀናቸው አሰካክቻቸዋለሁ።

ጥቅምት 9

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሐዘኑስ ቀለል አለልዎ? እኔ ከብርዱና ዝም ከሚለው ቤቴ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። በሐዘኑ ሳምንት ደውዬ ነበር። ልጅዎ አንስታ ያለችኝን አጠገቧ ከነበሩ ሰምተዋል፤ ካልነበሩም አልደግመውም። አልተቀየምኳትም። አባቷ ነው።

እዚህ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አላወራሁም። ቀን ቀን አውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ የተቀደደ መቀመጫ እጠግናለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ የውድድር መኪና እሠራለሁ። አይደንግጡ፣ ከመዳፍ አይበልጡም። በካርቶን ይሸጣሉ፤ አካላታቸው እንደ ቅጠል ከፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። በምላጭ እቆርጣለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ በማስቲሽ አጣብቄ ቀለም እነፋለሁ። እሁድ ውድድሩን በቴሌቪዥን አይና ልቤን የወሰደውን መኪና በሳምንቱ እጀምራለሁ፤ አሸናፊው ብቻ መሆን የለበትም፣ ተሰብሮ የቆመውንም እሠራለሁ። መደርደሪያው ሞልቶ መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። አከራዬ «ይህን ሁሉ መኪና ይዘህ በእግርህ ትሄዳለህ?» ትለኛለች።

አሁን በካርቶን የማይሸጥ አንድ መኪና መሥራት ፈለግሁ። የወንድሜን። ቅርጿ የሚቀራረብ አንድ ካርቶን ገዝቻለሁ፤ የቀረውን ቆርጬና ሞልቼ አመሳስላለሁ። ግን እየረሳሁ ነው። ያ ሰማያዊ በር የቀኝ ነበር ወይስ የግራ? የፊት መብራቶቹ ስንት ነበሩ? ቁጥሩስ? ፎቶ ካለ ለጥቂት ጊዜ ያውሱኝ፤ ባይኖርም ዓይንዎ ያየውን ይጻፉልኝ።

ታናሽዎ ሽቦ
(ሆድ አውጥቻለሁ። አሁን ኬብል ብትሉኝ ይሻላል።)

ኅዳር 14

ወንድሜ ሽቦ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ጤና ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቋን አልዘጋሁም፤ ቁልፍና ክር ገዢ ባይበዛም ተቀምጬ አነባለሁ። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረውን ጋራዥ ለአናጢ አከራይቼዋለሁ። ሲጠርብ ድምፁ ስለሚሰማኝ ቤቱ ጭር አይልም። ሲያቆም ግን ይታወቀኛል።

ፎቶ አንድ ብቻ አለ፤ እሱም መኪናዋን ከወገቧ ቆርጧታል። ስለዚህ የማስታውሰውን እጽፍልሃለሁ። ሰማያዊው በር የቀኝ ነው፤ ከተጣሉ መኪናዎች መሐል ያገኛችሁት፣ ሲዘጋ በጉልበት የሚመታው። የፊት መብራቶቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱን ከጎረቤት የጭነት መኪና ተውሳችሁ ሰውዬው በማታ መንዳት አቅቶት ተጣልቷችሁ ነበር። ቁጥሯ ሠላሳ አራት ነው። ከጠረጴዛ ላስቲክ ቆርጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የአራቱ እግር ጠማማ ነበር። አቃንተህ እንዳትሠራው፣ ጠማማውን ሥራው። በግራ ፓራፋንጎዋ ላይ፣ ከጎማው በላይ፣ የጡጫ ያህል ስርጉድ ነበረ። ወንድምህ «እሱን ካቃናሁት ሌላ መኪና ትመስለኛለች» ብሎ ተወው።

ሌላ የምትፈልገው ካለ ጻፍልኝ። ቤትህን አሙቅ።

የወንድምህ ሚስት

ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ስልኩ ሲዘጋበት ግን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

ታኅሣሥ 20

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ?

ደብዳቤዎን ሳነብ የአራቱን ጠማማ እግር አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤት ግድግዳውን መታ፤ ከእኔ ቤት ሳቅ ሰምቶ ስለማያውቅ ሳይፈራ አልቀረም። በሩን ሰማያዊ አድርጌያለሁ። ስርጉዱን በጋለ መርፌ ጀርባ አወጣሁት። የተሠራች መኪና ላይ ስርጉድ ማውጣት ስርጉድ ከማቃናት ይከብዳል፤ ሦስት ፓራፋንጎ አበላሽቼ ነው የተሳካልኝ።

አሁን የቸገረኝ ቀዩ ነው። የጎማዎቹ ምልክት። የእርስዎ ጥፍር ቀለም ምን ዓይነት ቀይ ነበር? ሱቅ ገብቼ ብዙ ዓይነት አወረድኩ። ሻጯ «ለሚስትህ ነው?» አለችኝ። ለመኪና ነው ብላት ከዚያ በኋላ ከጓደኛዋ ጋር እየተያዩ ነው ያስተናገዱኝ። አንዱ ቡናማ ይመስላል፣ ሌላው ብርቱካን ይመስላል። እርስዎ የክር ነጋዴ ነዎት፣ ቀለም ይለያሉ። እባክዎ ይህን አጥርተው ይጻፉልኝ።

ሽቦ

የካቲት 3

ወንድሜ ሽቦ፣

ጤናና ሰላም ካንተ ጋር ይሁኑ። ዓይኔን ትንሽ ስላመመኝ ሳልጽፍልህ ዘገየሁ። ቀለሙን በቃል ልነግርህ አልቻልኩምና ከሱቄ ክር አመሳስዬ ቁራጩን በዚህ ወረቀት ላይ ሰፍቼልሃለሁ። ያ ነው፤ አልተሳሳትኩም። ግን እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ለምን ያስጨንቅሃል? ጎማው ጥቁር ከሆነ አይበቃም? ዓይንህን ጠብቅ።

የወንድምህ ሚስት

ዓይኔን አላመመኝም ነበር። ክሩን የመረጥኩት ደብዳቤው በደረሰኝ ዕለት ነው።

መጋቢት 11

እትዬ፣ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ።

ክሩ ልክ ነው። ብልቃጡ ፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ። ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ጠይቀውኛልና ልንገርዎት።

የመጀመሪያውን ጎማ ስቀባ ብሩሹ አንድ ፀጉር ጥሎ በጥፍሬ አነሳሁት። ትዝ ይለኛል። ሁለተኛውን ስቀባ ወንድሜ ከኮፈኖው ሥር ሆኖ ያፏጭ ነበር። ሦስተኛው ላይ እርስዎ ሻይ ይዘውልኝ መጡና «ለእኔም ለአንድ ጣት አስተርፍልኝ» አሉኝ። አራተኛውን ስቀባ ግን ምንም ትዝ አይለኝም። ምልክቱን አይቻለሁ፤ ስቀባው አላስታውስም። ስለዚህ እጄ ሳያጠብቅ ቀባ ማለት ነው፣ እኔ ሳላውቀው። ከዚያ ወዲህ ከገዛ እጄ ጋር እንደተኳረፍኩ አለሁ። ምድጃ አጥፍቼ ወጥቼ ተመልሼ አያለሁ። በር ቆልፌ እጎትታለሁ፣ ደረጃውን ጨርሼ ወርጄ ተመልሼ እጎትታለሁ። የሥራ ጓደኞቼ በቋንቋቸው «ሁለቴ» ነው የሚሉኝ። እንደ ቀልድ ነው፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

መኪናዋን ያኔ እንደሠራኋት በቅደም ተከተል ብሠራት አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ራሱ ያስታውሰኛል ብዬ ነበር። ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛው ላይ ብሩሹን አነሳና እመልሳለሁ። ሳምንታት አልፈዋል። እርስዎ እዚያ ነበሩ። ስቀባው አይተውኛል? «አይቼሃለሁ» ብቻ ይበሉኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል። እቀባዋለሁ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ነገሩም ያልቃል።

ሽቦ

ለዚህ የጻፍኩት የመጀመሪያ መልስ ይኸው። አልላክሁትም።

ወንድሜ ሽቦ፣ እንደምን አለህ? አይቼሃለሁ።

ከዚህ የሚያጥር ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ገልብጬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩትና ፖስታውን ሱቁ ውስጥ ከክሮቹ መሐል አኖርኩት። ቀይ ክር በተጠየቅሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል። አንድ ቀን አናጢው ለመጋረጃ ክር ሊገዛ ገብቶ አየውና «ቴምብር ጠፍቶ ነው እንዴ ሳይላክ የከረመው?» አለኝ። ሳቅሁለት። እሱ ሲወጣ የሽቦን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩ። «ያልቃል» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ የሚያልቀው ለእኔ ብቻ እንደሆነ ታየኝ። እሱ በሩን እየጎተተ ይኖራል።

ሰኔ 2

ወንድሜ ሽቦ፣

አምላክ ይህን ደብዳቤ የምትችልበት ልብ ይስጥህ።

አላየሁህም፤ ምክንያቱም አልቀባኸውም። የቀባሁት እኔ ነኝ። ነዳጅ ልትቀዳ ስትሄድ አንዱ ጎማ ሳይቀባ አየሁት። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ሳላጠብቅ፣ ማጥበቅ የሚባል ነገር መኖሩንም ሳላውቅ ቀባሁት። እጅህ ምንም አላደረገም። እጅህን ታረቀው።

ኮሪደሩ ውስጥ ስትምል ሰምቼሃለሁ። የዚያን ጊዜ አወቅሁ፤ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ባለቤቴ ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ያን ያህል ዝም ማለቴን ራሱን ፈራሁት። እሱ ሳያውቅ ሞተ። ልጅቷም በስልክ ያን ቃል ስትልህ አጠገቧ ነበርኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ እምቢ ለማለት የምትቸገርበትን ነገር አልጠይቅህም። ማወቅ ግን ያንተ ነው።

የወንድምህ ሚስት

ይህን ሳልገለብጥ፣ ስህተቱን ሳላርም ላክሁት። እዚህ ያለው ከላክሁት በኋላ በቃሌ ይዤ የጻፍኩት ነው።

መስከረም 6

እትዬ፣

ሰላምታ አልጽፍም፤ ሰላም አይደለሁምና።

መኪናዋን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅያት ከረምኩ። እሁድም ቴሌቪዥን አልከፍትም። ቀለም በመቀባትዎ አልፈርድብዎትም። ለምን እንደሚቀባ ያልነገርንዎ እኛ ነን፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ ሳንናገረው ቀረን። ኮሪደሩ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ ቆመው ነበር። ሳለቅስ መሐረብዎን ሰጡኝ። መሐረብ ከሚሰጡኝ አንድ ቃል ቢሰጡኝ ኖሮ።

ከወንድሜ ጋር በዓመት አንዴ እንደዋወል ነበር። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» ሁለታችንም ስለ መኪና ሳናወራ ሞተ። በዚህ ምድር ላይ ከመኪና ሌላ የምናወራው እንዳልነበረን እርስዎ ያውቃሉ። ይህን የሚመልስልኝ የለም።

ለጊዜው አይጻፉልኝ። ስችል እኔ እጽፋለሁ።

እንዳለው አልጻፍኩለትም። ቀኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። አናጢው ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፤ ጋራዡም ባዶ ሆነ። አንዳንዴ ገብቼ ወለሉ ላይ ያለውን የዘይት እድፍ አያለሁ። መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አለቀቀም። የባለቤቴን መጽሔቶች ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኳቸው። ፊደል እያስተማረኝ በጣቱ የጠቆመባቸው ቃላት ሥር የቅባት አሻራው አሁንም አለ። «ጎማ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከእሱ ነው። ሳነበው ለምን እንደተንተባተብኩ ጠይቆኝ ነበር፤ አዲስ ተማሪ ስለሆንኩ ነው አልኩት።

ከዚያ ካርቶን መጣ።

ጥር 17

እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ብርዱ እዚያም ጠንክሯል ይባላል፤ ከመስኮት ራቅ ብለው ይቀመጡ።

እነሆ መኪናዋ። ሰማያዊው በር በጉልበት ካልመቱት አይዘጋም፤ ሆን ብዬ ነው። በአጉሊ መነጽር ካዩ የአራቱ ጠማማ እግር ይታያል፤ መነጽሩን አብሬ ልኬዋለሁ። እኔ ሌላ ገዝቻለሁ።

የአራተኛው ጎማ ዳዶዎች ከሰሊጥ ያንሳሉ። በወረንጦ ይዤ አጥብቄያቸዋለሁ። አንዴ ብቻ። ተመልሼ አላየሁም። በዚያ ቀን በሩንም አንዴ ቆልፌ ሥራ ሄድኩ፤ እስከ ማታ ልቤ አላረፈም፣ ቤቱ ግን እንደተቆለፈ ቆየኝ። ለጓደኞቼ አልነገርኳቸውም፣ አዲስ ስም ያወጡልኛል።

ምልክቱን አላደረግሁም። ያኔም ያደረግሁት እኔ አልነበርኩም፤ በሰው ሥራ አልገባም። ብሩሽና ቀለም ከካርቶኑ ጥጥ ሥር ያገኛሉ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ለልጅቷ ይንገሯት። እንድትወደኝ አይደለም፤ አታውቀኝም። አንድ ቀን ስደውል ሳትዘጋብኝ «እናቴ ወጣ ብላለች፣ ቆይተህ ደውል» እንድትለኝ ነው። እንዲህ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል።

ሽቦ

መኪናዋ መዳፌ ላይ ልክ ተቀመጠች። ብሩሹን አንስቼ ነበር። በአጉሊ መነጽሩ ውስጥ እጄ እንደ ቅጠል ሲርገበገብ ሳየው መለስኩት። የመለስኩት ግን በእርጅና ብቻ አይደለም። ልጄ ሳታውቅ ብቀባው ያው የድሮው ሥራዬ ነው፤ ከላይ ቀለም፣ ከሥር የላላ ነገር።

ለልጄ በአፌ ልነግራት ሞክሬያለሁ። የጥርስ ሐኪም ናት። ልነግራት ቆርጬ ወደ ሥራ ቦታዋ ስሄድ ጥርሴን ያመመኝ መሰላትና ወንበሩ ላይ አስተኛችኝ። «እማ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ከፈትኩ፤ መብራቱን አበራችብኝ፤ መስተዋቷን አስገባች። አይታ ስትጨርስ «ምንም የለብሽም» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። እዚያ ወንበር ላይ እንደተጋደምኩ የአባቷን እጅ እጇ ላይ አየሁት፤ ያው አጫጭር ጣት፣ ያው ጥንቃቄ። ምንም የለብሽም የተባለ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ይጀምራል? ቤቴ ተመልሼ እነዚህን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመርኩ።

ልጄ ሆይ፣ አጎትሽ ሲደውል «አባቴን አንካሳ ያደረገ ሰው ለአባቴ አያልቅስ» አልሽው። ያን ቃል የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ካደግሽበት ዝምታዬ ነው የወሰድሽው። የሚገባው ለእኔ ነበር፤ ከፈለግሽ አሁን ለእኔ በይው፣ ስልኬን አልዘጋም። እሱ ግን አባትሽን ከመውደድ በቀር ያደረገው ነገር የለም። ስልክ ቁጥሩን በካርቶኑ ክዳን ላይ ጽፌልሻለሁ።

መኪናዋ ከወረቀቶቹ ሥር ናት። እጅሽ ከእጄ የጸና ነው፤ ከሰሊጥ ባነሰ ነገር ላይ መሥራትም ልማድሽ ነው። አራተኛው ጎማ ያልተቀባው ነው። ብሩሹን ከማንሳትሽ በፊት ግን በጣትሽ ንኪው፣ ገፋ አድርጊው፣ መጥበቁን ራስሽ እዪ። ምልክት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ለአንቺ እኔ ነገርኩሽ።

እነዚህን ወረቀቶች ከነመኪናዋ የምትቀበለው፣ በሐዘኑ ሳምንት ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት።